እጃቸው ላይ የተሰጣው ልብስ

በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የደሴ ሰው የሚያስታውስልኝ፣ እርጥብ ልብስ በሽማግሌ እጅ ላይ ማስጣቴን ነው። ዛሬም አንዳንዱ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «አንቺ ምራት፣ ልብሱ ደረቀልሽ?» ይለኛል። ፊት ለፊቱ እስቃለሁ፤ ዞር ስል ግን ሳቄን እተወዋለሁ። ምክንያቱን ላውራችሁ።

ያኔ መንግሥት ከተለወጠ ዓመታት አልፈዋል፤ ሞባይል ስልክ ግን ገና በየሰው እጅ አልገባም። እኔ በአንድ የወጣቶች የቲያትር ክበብ ውስጥ ነበርኩ፤ የምንለማመደው ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ነው። እስከዚያ ድረስ የምንሠራው ተውኔት ሁሉ ስለ ኤድስ ነበር። መጀመሪያ ላይ አንዱ ይባልጋል፣ መሀል ላይ ያስላል፣ መጨረሻ ላይ ሁላችንም ተሰልፈን ሕዝቡን እንመክራለን። ተመልካቹ ምክሩን በቃሉ ስለያዘው ከእኛ ቀድሞ ይጨርሰዋል። ታዲያ አንድ ቀን አዲስ አበባ ቲያትር ተምሮ የመጣ መምህር ተቀላቀለን። ቀጭን፣ ሻርፕ ከአንገቱ የማይለይ፣ ሲናገር ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነው። «ከእንግዲህ ምክር የለም» አለን። «ዘመናዊ ተውኔት አይመክርም። የሰው ልጅ ኑሮ ትርጉም ማጣቱን ያሳያል፣ ይወጣል።» ነገሩ ባይገባንም ምክሩ መቅረቱ ደስ አሰኘን።

የጻፈው ተውኔት ይህ ነው። መድረኩ መሀል ወንበር አለ፤ ወንበሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ልጃቸው፣ ምራታቸውና የልጅ ልጃቸው ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ ስለ ቲማቲምና ስለ ጠፋ ቁልፍ ይጨቃጨቃሉ። ሽማግሌው በየመሀሉ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «ልጆቼ፣ ልመርቃችሁ» ይላሉ። ከዚህ ሌላ የሚሉት የለም። እጃቸውን በዘረጉ ቁጥር ግን አንዱ መጥቶ ዕቃ ያስቀምጥበታል። ልጁ ኮቱን ይሰቅላል፤ የልጅ ልጅየው የትምህርት ቤት ቦርሳውን ያንጠለጥላል፤ ምራቲቱ፣ ማለትም እኔ፣ ከባልዲ እርጥብ ልብስ እያወጣሁ አሰጣለሁ። እያለ እያለ ሽማግሌው በልብስ ተሸፍነው ከዓይን ይጠፋሉ። ያኔ ቤተሰቡ «አባባ የት ሄዱ?» «እኔ እንጃ፣ ወጥተው ይሆናል» ይባባልና በሩን ቆልፎ ይሄዳል። አለቀ። እናቴ ታሪኩን ስነግራት «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» ብላ ሽንኩርቷን መክተፏን ቀጠለች።

የሽማግሌውን ቦታ መጀመሪያ የያዘው የክበባችን ልጅ ነበር፤ ጥጥ ጺም ለጥፎ ይለማመዳል። ጥጡ በላብ ይረጥብና ወደ ጉሮሮው ይንሸራተታል። መምህሩ ይህን አይቶ አይቶ ሲመረው «እውነተኛ ሽማግሌ ፈልጉልኝ» አለ። እኔም የአጥር ጎረቤታችንን አሰብኩ።

ጎረቤታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ደሴ መናኸሪያ ውስጥ ተሳፋሪ ሲጠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። «ኩታበር፣ ኩታበር! ቢስቲማ የሞላ! ኮምቦልቻ አንድ ሰው!» ሲሉ ድምፃቸው ጦሳ ተራራን ነክቶ የሚመለስ ይመስለን ነበር። ጉልበታቸው ሲደክም መጥራቱን ለወጣቶቹ ተዉና አንድ ነገር ብቻ ለራሳቸው አስቀሩ፤ ዱዓውን። ሾፌሩ ሞተር ሲያስነሳ በሩ ላይ ቆመው እጃቸውን ይዘረጋሉ። «ያ ረቢ፣ መንገዱን ክፈትላቸው፤ የወጡበትን አሳክተህ ለቤታቸው አብቃቸው» ይላሉ። ተሳፋሪው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ የያዘውን ዘንቢል ጭኑ ላይ ጥሎ እጁን ዘርግቶ ይቀበላል። በእኛ አገር ምርቃት ሲወርድ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው የለም፤ አሚን ሳይባል የቀረ ዱዓ ለመራቂው ሳይሆን ለሰሚው ነውር ነው።

እኚህ ሰው ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነበሩ። አንድ ልጅ አላቸው፤ ኮምቦልቻ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ የሚነግድ፣ የተሳካለት ሰው። ክፉ ልጅ ነው ልል አልችልም። ጤፍ ሲገባ ጤፍ፣ ረመዳን ሲመጣ ተምርና ስኳር፣ ክረምት ሲገባ ብርድ ልብስ በራሱ ሾፌር እጅ ይልካል። የማይመጣው ራሱ ብቻ ነበር። ከደሴ ኮምቦልቻ ሰው ጠዋት ወርዶ ጉዳዩን ጨርሶ ለምሳ የሚመለስበት መንገድ ነው። እሱ ግን ሁልጊዜ ሥራ ይበዛበታል። አባቱን ወደዚያ እንዳይጠራ ደግሞ «አባባ ብርድ ለምደዋል፤ የኮምቦልቻ ሙቀት ይጎዳቸዋል» ይላል። እንዲህ አሳቢ ልጅ ሲገኝ ነው እንግዲህ።

ይህ ልጅ አዲስ ቤት ሠራ። አባትየው የሰሙት ከሾፌሩ ነው። ጤፍ ሊያወርድ መጥቶ ጆንያውን ሳያስቀምጥ «አባባ፣ የልጅዎን የቤት ምርቃት በላን እኮ! ስንት ሰው፣ ስንት ሰንጋ!» አላቸው። እኔ በረንዳችን ላይ ሆኜ እሰማለሁ። ሾፌሩ አለመጠራታቸውን የተረዳው ነገሩ ከአፉ ካመለጠ በኋላ ነው። ሽማግሌው አልተቆጡም። «ማሻ አላህ» አሉና «ዱዓውን ማን አደረገ?» ብለው ጠየቁት። ሾፌሩ ራሱን አከከ።

«ኧረ… መንዙማ በቴፕ ተከፍቶ ነበር» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳቸው። ባለመጠራታቸው እንኳ እንደዚህ አልከፋቸውም። ልጃቸው የአባት ዱዓ ያላረፈበት ጣራ ሥር መተኛቱን ነበር የሚያስቡት። «በቴፕ ዱዓ ቤት ይገባል?» ይሉኛል፣ በአጥሩ ላይ ሳገኛቸው። አንድ ቀን ተናድጄ «ታዲያ ለምን ሄደው አያደርጉለትም?» አልኳቸው። እኔ ብሆን ያን በር በከዘራ ነበር የማንኳኳው።

«ሳልጠራ?» አሉ። «ሰው ፊት ላሳፍረው? ሚስቱ 'ለምን አልጠራሃቸውም' ብትለው ምን ይመልሳል? አይሆንም ልጄ።»

ተውኔቱን ይሥሩልን ብለን ስንሄድ «አስተግፊሩላህ! በስተርጅና መድረክ ልውጣ?» ብለው ሳቁብን። መምህሩ ዓይኑን ጨፍኖ ያስረዳቸው ጀመር። ይህ በእውነተኛው ዓለም የማይሆን፣ ሆነ ተብሎ ከልክ ያለፈ ነገር መሆኑን ነገራቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡትና «የሚሰጣው ልብስ እርጥብ ነው ደረቅ?» ብለው ጠየቁት። ሳቄ አመለጠኝ። ነገሩ የሚቀር ሲመስል መምህሩ «ከደሴ ቀጥሎ ኮምቦልቻ እናሳየዋለን» አለ። የዚያን ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ። እሺ አሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሐሳባቸውን ነገሩኝ። «ለሥራ ሄዱ ይባላል» አሉኝ። «ለሥራ የሄደ ሰው ልጁ ቤት ጎራ ቢል ማንም አያፍርም። እሱም አዳራሹ ውስጥ ካየኝ 'ግቡ እንጂ' ማለቱ አይቀርም። ከገባሁ ሳሎኑ መሀል ቆሜ ዱዓዬን አደርጋለሁ፤ ወላሂ ውሃ እንኳ አልጠጣም።» እኔም እንደ እሳቸው ተስፋ አደረግሁ። ከዚያ በኋላ ልምምዱን የምሠራው ለመምህሩ ሳይሆን ለዚያ ሳሎን ነበር።

ደሴ ላይ ስናሳየው ሕዝቡ ሳቀ። ያልተጨመቀ አንሶላ ሳሰጣባቸው ውሃው በክርናቸው ሲንጠባጠብ አዳራሹ ተናጋ። መጨረሻ ላይ በሩን ቆልፈን ስንወጣ ግን ማንም አላጨበጨበም፤ ሁሉም ተቀምጦ ምክሩን ይጠብቃል። «ምክሩስ?» አለ አንዱ ከኋላ። መምህሩ ከመጋረጃው ጀርባ ሻርፑን እየነከሰ «ማልቀስ ነበረባቸው» ይላል። ሽማግሌው እርጥብ እጅጌያቸውን እየጨመቁ «ተዋቸው፤ የሳቀ ሰውም ደግ ነው» አሉት። በማግስቱ መናኸሪያው ሁሉ «አባባ፣ ገመድ ሆኑ አሉ!» እያለ ቀለደባቸው። «እናንተስ መቼ ዕቃ መጫን ተዋችሁብኝ?» ብለው መለሱላቸው።

ኮምቦልቻ ላለው ልጃቸው መልእክት የተላከው በሾፌሩ በኩል ነው፤ «እሑድ ከሰዓት አባትህ ለሥራ ይመጣሉ፤ አዳራሹ እዚያው አጠገብህ ነው።» መልሱ አልመጣም። ሽማግሌው ቅዳሜ ጠጉራቸውን ተስተካከሉ። ነጭ ጀለቢያቸውን እናቴ አጠበችላቸው። «ለመድረኩ አሮጌ ልብስ ነው የሚያስፈልገው» ቢላቸው መምህሩ «ለመድረኩ አይደለም» አሉት።

እሑድ በሚኒባስ ወረድን። ደሴን በጉሙ ውስጥ ትተን፣ ዶሮ መዝለያ የሚባለውን ስፍራ አልፈን ስንወርድ ሙቀቱ እየተቀበለን ሹራባችንን አንድ በአንድ አወለቅን። ሽማግሌው መስኮቱ ጋ ተቀምጠው የማያውቁት አዲስ ቤት ባለፈ ቁጥር «ይሄ ይሆን?» ይላሉ። ኮምቦልቻ ስንገባ ክበባችን የተከራየው መኪና በሞንታርቦ «ከደሴ የመጣ አስቂኝ ቲያትር!» እያለ ከተማውን ይዞራል። መምህሩ «አስቂኝ» የሚለውን ሲሰማ ዓይኑን ጨፈነ፤ በዚህ ጊዜ ግን ሊናገር አልነበረም።

አዳራሹ ሞላ። ሽማግሌው የመጋረጃውን ቀዳዳ አልለቅ ብለው ነበር። አንድ ጊዜ ክንዴን ያዙኝ። «መጣ» አሉ። እኔም አየሁ። ፊት ለፊት፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ወፈር ያለ፣ አፍንጫው ቁርጥ የአባቱን የሆነ ሰው ከሚስቱ ጋር ተቀምጧል። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሽማግሌው ግን ቀዳዳው ላይ ቆይተው ሲዞሩ ፊታቸው እንደ ቅድሙ አልነበረም። ምን እንዳዩ አልነገሩኝም። ሄደው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

ተውኔቱ ተጀመረ። የተውኔቱ ልጅ ኮቱን ሲሰቅልባቸው ሳቅ ሆነ። ቦርሳው ሲንጠለጠል ሳቅ ሆነ። የእኔ ተራ ደረሰና ባልዲዬን ይዤ ገባሁ። ሽማግሌው ኮቱንና ቦርሳውን ቀስ ብለው ከክንዳቸው አወረዱና መሬት ላይ አስቀመጡ። ይህ ጽሑፉ ላይ የለም። እጃቸውን ዘረጉ። «ልጆቼ፣ ልመርቃችሁ» አሉ። አንሶላውን አነሳሁ። እሳቸው ግን ቀጠሉ፤ ያውም በዚያ በድሮው የመናኸሪያ ድምፃቸው።

«ያ ረቢ፣ ይህን አዲስ ቤት የሰላም ቤት አድርገው!»

ከኋላ አንዲት አሮጊት ብቻቸውን «አሚን» አሉ።

«የሠራው ልጅ ጤና ሆኖ ይኑርበት!»

«አሚን!» አሁን ብዙ ሰው ነው።

«ደጁ እንግዳ አይጣ፤ ጓዳው እህል አይጣ! የወጣ በሰላም ይግባ፤ የገባ በሰላም ይደር!»

«አሚን! አሜን!» አዳራሹ በሞላው እጁን ዘርግቷል። ጎረምሳው፣ ነጋዴው፣ ጥበቃው ሳይቀር። ቲያትር መሆኑን የረሳ ሁሉ ረሳ፤ ያልረሳውም ዱዓ ዱዓ ነው ብሎ ተቀበለ። እኔ አንሶላዬን ይዤ ውሃው ጫማዬ ላይ እየተንጠባጠበ ቆሜያለሁ። ጽሑፉ እዚህ ላይ አሰጪ ይለኛል። አንድ እርምጃ ስጠጋ «ኧረ አንቺ ልጅ! አላህን አትፈሪም?» ብለው ቅድም አሚን ያሉት አሮጊት ጮኹብኝ። ሌላዋ ጎልማሳ ሴት ተነሥታ መድረኩ ላይ ወጣችና ባልዲውን ከእጄ ነጥቃ ወደ ጥግ ወሰደችው። የዚያን ዕለት የዘመናዊ ተውኔት ነገር በዚሁ አበቃ።

እኔ ግን ሁለተኛውን ረድፍ ነበር የማየው። ልጃቸው እጁን እንደ ሰው ሁሉ ዘርግቷል። አንገቱን ደፍቷል። ከንፈሩ «አሚን» ሲል አይቻለሁ፤ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።

መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ወደ እኛ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። መጀመሪያ የጨበጠው መምህሩን ነው። «ግሩም ነው! ወላሂ ግሩም!» አለው። «ሰው እንዴት የወለደውን አባት እንዲህ ያደርጋል? ስንት ጨካኝ አለ መሰላችሁ!» መምህሩ ሻርፑን ያዘ። እኔ ጥርሴን ነከስኩ። ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሥተው ቆመዋል፤ ልጃቸውን ሲያዩ ፊታቸው በራ። አንድ ነገር እንዲላቸው ጠበቁ። እኛም ሁላችን ጠበቅን፤ ተስፋቸውን ክበቡ በሙሉ ያውቅ ነበርና።

«አባባ፣ አስለቀሱኝ እኮ» አላቸው፤ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ብሎ። «ቤት ልወስድዎ ነበር። ዛሬ ግን ከአዲስ አበባ የመጡ ደንበኞች እየጠበቁኝ ነው፤ ቤቱም ግርግር ነው። ሌላ ጊዜ በደንብ ተዘጋጅተን መኪና እልክልዎታለሁ። ኢንሻ አላህ።»

«ኢንሻ አላህ» አሉ። ከዚያ ሊመርቁት ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ልጁ ወደ ሚስቱ ዞረ፤ ሚስቱ በላስቲክ የተጠቀለለ አዲስ ብርድ ልብስ አቀበለችው። እሱም በተዘረጋው እጃቸው ላይ አስቀመጠው።

«ለደሴ ብርድ» አለ። ሰዓቱን አይቶ ተሰናበተን።

ማንም አልሳቀም። ኮት የሚሰቅለው ልጅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ያን ተውኔት ስንት ጊዜ ተለማምደነዋል፤ እንዲህ አሳምሮ የሠራው ግን አልነበረም። ሮጬ ደርሼ ያን ሰውዬ በአንሶላው ብገርፈው እንዴት ደስ ባለኝ ነበር። አልቅሼ ቀረሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ፀሐይ እየጠለቀች ነበር፤ ለመሄድ መምህሩን እየጠበቅን ነው። ብርድ ልብሱን በሁለት እጃቸው እንደታቀፉ ነበሩ።

«መጋረጃው ጋ ሆነው ምን አይተው ነው ያኔ?» አልኳቸው።

«ሰዓቱን ሲያይ» አሉኝ። «ገና ሳይጀመር ሰዓቱን ያያል። እንደማይወስደኝ ያኔ አወቅኩ። እንግዲህ እግሬ ካልደረሰ ድምፄ ይድረስ ብዬ ነው። አሚን ብሏል፤ አይተሽዋል አይደል?»

«አይቻለሁ።»

«በቃ። ቤቱ ተመርቋል።»

«ለእኔ ግን አልበቃኝም!» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ከፊት ያሉት ዞሩ። «ለእርስዎ እንዴት ይበቃዎታል?»

ወደ መስኮቱ ዞር አሉ። «አብሽሪ ልጄ» አሉ፤ ደግሞም «ሳሎኑን ባየው ደስ ይለኝ ነበር» አሉኝ።

መምህሩ ገባ፤ የሚኒባሱ ሾፌር ሞተሩን አስነሳ። ሾፌሩ የደሴ ልጅ ነው፤ ያውቃቸዋል። በመስታወቱ እያያቸው «አባባ፣ ዱዓችንስ? ዳገቱን ያለ ዱዓ ሊያስወጡን ነው?» አለ። ሁሉም እጁን ዘርግቶ ጠበቀ። ሽማግሌው እጃቸውን ሊያነሡ ሲሉ ብርድ ልብሱ ያዛቸው። ግራ ገብቷቸው ወዲያና ወዲህ አዩ፤ የሚያስቀምጡበት ቦታ አልነበረም።

ያን ሁሉ ጊዜ እጃቸው ላይ ስጭን የኖርኩት እኔ ነኝ። ብርድ ልብሱን አንሥቼ ጭኔ ላይ አደረግሁት። እጃቸውን ዘረጉ፤ እኛም «አሚን» አልን፤ መኪናው ወደ ደሴ መውጣት ጀመረ።